የከሪም መኪና የነገረችው

ሰቆጣ ውስጥ ከሪም ዓሊዬን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ የትም የሚሄድበት ጉዳይ የሌለው ሰው ነው። እኔ ሙሉሰው እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ከሪም መኪናውን የሚያቆመው ደግሞ ልክ በሬ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ከሚስቱ ከሀሊማ ቀጥሎ ይህን ሰው ብዙ ያየሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ያየሁት ነው ያልኩት፤ የሰማሁት አላልኩም፤ ከሪም አያወራምና።

አያወራም ስል አፉ አይከፈትም ማለቴ አይደለም። ስለ ዝናብ ያወራል። ስለ መንገድ ያወራል። የፍየል ዋጋ ከተነሳማ ማን ያቆመዋል። የማያወራው ስለ ጫነው ሰው ነው። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አልሆንለት ሲል መሪ ጨበጠ፤ ይኸው ጺሙ እስኪሸብት አልለቀቀም። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ነገር ጭኗል። ምጥ የያዛት ሴት፣ ከባሏ የኮበለለች ሴት፣ ልጁን ከእስር ሊያስፈታ የሚሄድ አባት፣ አስከሬን፣ ሙሽራ። ማንን የት እንዳደረሰ ከአፉ የሰማ የለም። ሀሊማ እንኳ "ይህ ሰውዬ ምሳ ምን እንደበላ የምሰማው ከጎረቤት ነው" እያለች ታማርራለች።

አንድ ጊዜ የአንድ ባለጸጋ ልጅ አላገባም ብላ ጠፋች። አባትየው ዱላ ይዘው መጡና "ልጄን ጭነሃታል?" አሉት። ከሪም እጁን እየጠረገ፣ "ጌታዬ፣ እኔ የምነዳው ወደፊት እያየሁ ነው፤ ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም" አላቸው። ሰውየው ተሳድበው ሄዱ። ልጅቷ ከዓመታት በኋላ ነርስ ሆና ተመለሰች፤ አባቷም ደረታቸውን ነፍተው በከተማው አዞሯት። ያን ጊዜ እንኳ ከሪም "እኔ ነበርኩ ያደረስኳት" አላለም። እኔ ብሆን ኖሮ በማግስቱ በየቤቱ ዞሬ እነግር ነበር፤ የኔ አፍ እንደሆነ ማረፊያ የለውም።

ለዚህ ነው ሰው "የከሪም መኪና ጆሮ የላትም" የሚለው። ነጋዴ ገብቶባት ስለ ኪሳራው ያለቅሳል፤ ባልና ሚስት ይጣሉባታል፤ ሽማግሌ ይመክርባታል። ከሪም ራሱ በእጁ የሚይዘው ያችኑ ትንሽዋን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ለምን ትልቁን አትገዛም ሲሉት፣ "ብዙ የሚያውቅ ስልክ ደግ አይደለም" ነው መልሱ።

ያቺ ጆሮ የላትም የምትባለው አሮጌ ቶዮታ ናት። ነገር ግን ናፍጣ ጠፋ። ከሪም በወረፋ ላይ እያደረ እየዋለ ከመንዳት ይልቅ መቆም ሥራው ሆነ። በዚህ መሃል ነው እህል ነጋዴው ቢያዝን የመጣው። ቢያዝንና ከሪም አብረው ያደጉ ናቸው፤ አንዱ በጾም ሌላው በሮመዳን እየተፎጋገሩ። ቢያዝን ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ያለውን ነገር ሰው ካላየለት ያለው አይመስለውም። "በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና በሽርክና እንግዛ" አለው፤ ገዙ። አሮጌዋ ቶዮታ ሀሊማ ግቢ ቆመች፤ ዶሮዎች ማደሪያ አደረጓት።

አዲሲቱ ነጭ መኪና የመጣች ቀን መንገዱ ሁሉ ወጣ። ድምፅ ስለሌላት አህዮቹ መንገድ አልለቅ አሏት፤ እሱ ትንሽ አሳቀን። ከመሪው ጎን ትሪ የምታክል መስታወት በራች፤ በላይዋም ረጅም ጽሑፍ ወረደ፤ ማንም ሊያነበው በማይችል ቋንቋ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለ ከሪም።

"ተስማማ ነው የሚለው" አለ ቢያዝን።

"በምኑ?"

"በመኪናዋ ነዋ፤ በሌላ በምን ሊሆን?" ብሎ ቢያዝን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጽሑፉ ጠፋ። እኛ አገር አንድ ሰው ተስማማ ለመባል ምስክር ይቆማል፣ ዋስ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ያን ቀን ግን ነገሩ በአንድ ጣት አለቀ፤ ማናችንም ልብ አላልነውም።

መኪናዋ ከስልክ ጋር መገናኘት አለባት ተባለ። የከሪም ባለ ቁልፍ ስልክ ይህን አያውቅም። ስለዚህ በቢያዝን ስልክ ላይ ተጫነ። ቢያዝን መጀመሪያ ያየው የባትሪውን መጠን ብቻ ነበር፤ ለከሪምም የነገረው ያንኑ ነው። እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ እሱም ሌላውን አያውቅም። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ስልክ ብዙ እንዳያውቅ ብሎ የተጠነቀቀው ሰው፣ የመኪናው ዓይን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

በሰቆጣ ዙሪያ ሁለት ቤተሰብ በግጦሽ ድንበር ተጣልተው የሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ገዳዩ ምንዋጋው ይባላል። የሞተው የየሻምበል ታናሽ ወንድም ነው። ምንዋጋው በሕግ ተፈርዶበት፣ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። የመንግሥት ፍርድ ግን ደም አያደርቅም። ታረቅ ተብሎ እርቁ እስኪወርድ ድረስ ገዳይ ወደ ቀዬው አይመለስም፤ ከተመለሰ የሟች ወንድም ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ተደበቀ። የት እንዳለ የሚያውቁት ሽማግሎቹ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን እሺ እስኪል ቦታውን አለመናገር የሽማግሌነታቸው መሐላ ነው።

የሽማግሎቹ አለቃ መምሬ መልአኩ ናቸው። ወደ የሻምበል ደጅ ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ እሱ እሺም እምቢም አላለም። እንግዲያው ከምንዋጋው አፍ ቃል እናምጣለት ብለው ተነሱ። የሚወስዳቸውም ከሪም እንዲሆን ተመረጠ። ከሁለቱም ወገን ዝምድና የለውም፤ ደግሞም ከሪም ነው።

በጠዋት ሦስት ሽማግሎችና ከሪም ሱቄ ገቡ። መምሬ መልአኩ፣ "ስልክ የያዘ ሰው ከእኛ ጋር አይወጣም። ሙሉሰው፣ እነዚህን አስቀምጥልን፤ የት ናቸው ብለህም አትጠይቅ" አሉኝ። ባለፉት ዓመታት ስልክ ሰውን እንደሚያስገኝ ያልተማረ የለም። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ በክርና በቁልፍ መሳቢያዬ ውስጥ ከተተ። ከሪም ያችን ባለ ቁልፏን እንኳ አስቀመጠ። ከዚያ አራቱም ነጯ መኪና ውስጥ ገብተው፣ ያለ ድምፅ ሄዱ። መሳቢያዬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ።

በኋላ መምሬ እንደነገሩኝ ወደ አበርገሌ ቆላ ነው የወረዱት። መንገዱ አልቆ መኪናዋ አልሄድ ስትል አንድ ሮቃ ዛፍ ሥር አቆሟት፤ ሽማግሎቹ በእግር ወደ መንደሩ ሄዱ፤ ከሪም መኪናዋ ዘንድ ቆየ። በዚያ ቆላ ኔትዎርክ የሚባል የለም። ይህንንም ለደኅንነት ቆጥረውት ነበር። ምንዋጋው ሽማግሎቹን ሲያይ መሬት ላይ ተደፋ። "ድንጋይ ተሸክሜ ደጁ ልውደቅ፤ የሚለኝን ልሁን" አለ። ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ከሪም ስልኩን ከመሳቢያዬ ሲወስድ "አቧራው አይጣል ነው" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ከሰዓት በኋላ እኔና ቢያዝን ግሮሰሪ ተቀምጠናል። ቢያዝን ስልኩን አወጣ። ሰሞኑን በዚያ ስልክ ላይ ያልደረሰበት የለም፤ መኪናዋ የት እንደቆመች፣ በሯ መቼ እንደተከፈተ፣ የሄደችበትን መንገድ በሰማያዊ መስመር አስምሮ ያሳያል። ለአስተናጋጇ ሳይቀር አሳይቷል። ለከሪም ብቻ አላሳየውም፤ ሊያስደንቀው ፈልጎ ነው መሰለኝ።

"እዩልኝ እስቲ ይህን ዝምተኛ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ትናንት ለእኔ ሳይነግረኝ አበርገሌ ወርዷል። ኔትዎርክ የለም ብላ ዝም ብላ ነበር፤ ዳገቱን ስትወጣና ኔትዎርክ ስታገኝ ያየችውን ሁሉ ዘረገፈችው። አራት ሰው ነበረባት። ይኸው እዚህ ጋ፣ ከወንዙ በላይ ያለችው መንደር አጠገብ ግማሽ ቀን ቆሟል። ሚስት አግብቶ ይሆን እንዴ?"

ሰው ሳቀ። እኔ ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ስልኮቹን በመሳቢያዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አራቱን ሰዎች አውቃለሁ። ዞር ብል ደግሞ ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ የሻምበል ተቀምጧል።

"እስቲ ልየው" አለ የሻምበል፤ በዝግታ።

ቢያዝን ምን አውቆ። ደስ ብሎት ስልኩን ሰጠው። የሻምበል በጣቱ እያሰፋ መስመሩን እስከ ጫፉ ተከተለው። በዚያች መንደር የምንዋጋው እናት ዘመዶች እንዳሉ አገር ያውቃል። ስልኩን መለሰ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ወጣ። እኔ ለቢያዝን "ምን አድርገሃል" ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሮጬ ከሪም ዘንድ ደረስኩ። መኪናዋን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ነገርኩት። ጨርቁን እንደያዘ መንገድ ዳር ተቀመጠ።

"እኔ ነገርኩ?" አለኝ።

"አንተ አልነገርክም። መኪናዋ ናት።"

"መኪናዋ የማን ናት?"

እንደውል አልኩት፤ እዚያ ቆላ ስልክ አይገባም። መምሬ መልአኩን እንጥራ አልኩት፤ ለተዝካር ወደ ጽጽቃ ሄደዋል። ለፖሊስ እንንገር አልኩት፤ "የሻምበል ምን አጠፋ? ወደ ቤቱ ነው የሄደው" አለኝ። በመኪናዋ ወርደን ምንዋጋውን እናሸሸው አልኩት። ከሪም ራሱን ነቀነቀ።

"ዛሬ ብናሸሸው ነገም መሸሽ አለበት። እርቁም እዚህ ላይ ያበቃል። በመኪናዬ የሄደ ሽማግሌ ሁሉ ከዳተኛ ይባላል። ወደ ምንዋጋው አይደለም የምንሄደው፤ ወደ የሻምበል ነው።"

"ምን ልትለው?"

"ስደርስ አውቀዋለሁ።"

መኪናዋን አልነካትም። "እሷ እዚሁ ትቁም፤ ከሪም ሱቅ በር ላይ ነው ብላ ትንገርልኝ" አለ፤ በዚያ ጭንቀት መሃል ይህን ማለቱ አሳቀኝም፣ አንጀቴንም በላው። በባጃጅ እስከሚኬድበት ሄድን፤ የቀረውን በእግር ወጣነው። ከሪም ዕድሜ ልኩን ተቀምጦ የነዳ ሰው ነው፤ ወገቡ ደህና አይደለም። በየመታጠፊያው እየቆመ ይተነፍሳል፤ እንመለስ ግን አላለም።

የየሻምበል ደጅ ስንደርስ ከሪም ወደ እርከኑ ሄደ። ከድርድሩ አንድ ድንጋይ ነቅሎ አነሳና አንገቱ ላይ ጫነው። ጠፍጣፋ፣ ወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ነው። ከዚያ በሩ ፊት ተንበረከከ። በእኛ ዘንድ ድንጋይ የሚሸከመው ደም ያለበት ሰው ነው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። ያልገደለ ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ ያውም እስላም ወንድማችን፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም። "ኧረ ተው፣ አያ ከሪም" አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም።

የሻምበል ወጣ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፤ ስንቁ በጎኑ ተንጠልጥሏል። ሲያየን ክው ብሎ ቆመ።

"አያ ከሪም፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ከዚያ ከሪም ተናገረ። በሕይወቴ ከዚህ ሰው አፍ ያን ያህል ቃል ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"የሻምበል ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጫንኩ እንጂ ወሬ አልጫንኩም። ትናንት ሽማግሎቹን ይዤ የሄድኩበትን መኪናዬ ተናገረች። መናገሯን አላውቅም ነበር። አላውቅም ብዬ ግን አልድንም፤ የኔ ናት። አሁን በጎማዬ ዱካ ብትወርድ የሚፈሰው ደም በኔ አንገት ነው። የምንዋጋውን በደል ምንዋጋው ይካስህ። እኔ የራሴን ልክስህ መጥቻለሁ።"

"እርስዎ እኔን ምን በደሉኝ?" አለ የሻምበል።

"የማያስፈልግህን አሳወቅሁህ። እስከ ትናንት የት እንዳለ አታውቅም ነበር፤ ስለማታውቅ ቤትህ ተቀምጠህ ማሰብ ትችል ነበር፤ ማንም አያማህም። ዛሬ ግን ግሮሰሪ የነበረው ሰው ሁሉ መስመሩን ስታይ አይቶሃል። ካልሄድክ ፈሪ ትባላለህ፤ ከሄድክ ገዳይ ትሆናለህ። በዚህ መሃል ያስገባሁህ እኔ ነኝ። በደሌ ይኸው ነው።"

የከሪም አንገት ይንቀጠቀጣል፤ ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። እኔ ድንጋዩን ልይዝለት ብጠጋ በእጁ ገፋኝ። የሻምበልን ፊት አየሁት። ግሮሰሪ ውስጥ ያየሁት ፊት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ የደከመው ሰው ፊት ነበር። ስንት ዓመት ሰው "ምን ትጠብቃለህ?" በሚል ዓይን ሲያየው የኖረ ሰው ነው፤ ድካሙን አይቶ የነገረው ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ያን ጊዜ ከጓዳ እናቱ ወጡ። የሞተው ልጃቸው ነው። በር ደግፈው ቆሙና ከሪምን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በኽምጣኛ ተናገሩ፤ እኔም ቋንቋው የእናቴ ነውና ሰማሁት። "ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ አንገቱ ይቀነጠሳል። አውርድለት" ነው ያሉት።

የሻምበል ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። መጣና በሁለት እጁ ድንጋዩን ከከሪም አንገት አነሳ። አልጣለውም። ወደ እርከኑም አልመለሰውም። በሩ ጎን፣ ሲገባና ሲወጣ ሁልጊዜ በሚያየው ቦታ አስቀመጠው።

"ይህ የእርስዎ አይደለም፣ አያ ከሪም" አለ። "ባለቤቱ ይምጣና ይሸከመው።"

ስንት ዓመት ሽማግሌ የተመላለሰበት እሺታ ይህ ነበር። ከሪም መነሳት አቃተው፤ የሻምበል ራሱ ደግፎ አስነሳው። ከሪም አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ማፈር የለብኝም።

እርቁ ወረደ። ምንዋጋው ከአበርገሌ ወጥቶ፣ ያንኑ ድንጋይ በዚያው ደጅ ተሸከመው፤ የሻምበል አወረደለት። መምሬ መልአኩ መረቁ። ቢያዝን ለድግሱ እህሉን ሰጠ፤ ቀኑን ሙሉም አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ስልኩን ለከሪም አውጥቶ ሰጠውና "እንደፈለግህ አድርገው" አለው። ከሪም መልሶ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ቢያዝን ያን ነገር ከስልኩ አጥፍቶታል፤ ባትሪዋ ስንት እንደቀረ ካስፈለገው እንደ ድሮው ተነስቶ መጥቶ ያያል።

መኪናዋ አሁንም በሬ ፊት ለፊት ትቆማለች። ከሪም ነጋዴውንም፣ ታማሚውንም ይጭንባታል። ከመሳፈራቸው በፊት ግን ለሁሉም "ይህች መኪና ጆሮ አላት፤ የምታወሩትን እወቁ" ይላቸዋል። የሽማግሌ ጉዞ ሲመጣ ደግሞ ዶሮዎቹን አባርሮ፣ ናፍጣ ከዚህም ከዚያም ለምኖ፣ አሮጌዋን ቶዮታ ያስነሳል።

ባለፈው ሰሞን ከወልድያ አንድ የመኪና ባለሙያ መጣ። ከሪም ባትሪውን ሳይሆን ሌላ ነገር ጠየቀው። የዚያ የአበርገሌ ቀን መንገድ አሁን የት ተመዝግቦ እንዳለ። ባለሙያው እየሳቀ አስረዳው፤ መኪናዋ የራሷ ሲም ካርድ አላት፤ ከስልክ ቢጠፋም የሄደችበት ሁሉ ባሕር ማዶ በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፤ መጀመሪያ ቀን እስማማለሁ ብላችሁ የለም ወይ አለው። ከሪም ይህን እየሰማ አንገቱን፣ ድንጋዩ ያረፈበትን ቦታ በመዳፉ ያሻል።

"የያዘው ሰውዬ ቤቱ የት ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ሰው አይደለም እኮ፣ አያ ከሪም። ድርጅት ነው።"

"ደጅ የለውም በለኛ" አለ ከሪም። "ነገ ደግሞ በያዘው ነገር የማን ነፍስ እንደሚጠፋ አላውቅም። ድንጋዩን ይዤ የማን በር ላይ ልንበርከክ?"